የአያቴ ቤት ቅርስ ነው ወይ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው ወር ስለ አዳማ የድሮ ቤቶችና ሰፈሮች ጥያቄ ያላችሁ ጻፉልን ብለን ነበር፣ እውነቱን ለመናገር ይሄን ያህል ሰው ይጽፋል ብዬ አልጠበኩም። ብዙው ተመሳሳይ ስለሆነ አምስት ብቻ መርጫለሁ። የመጀመሪያው ላይ ረዘም እላለሁ፣ ምክንያቱም ሌሎቹም ውስጥ ያለው ጭንቀት እሱው ነው።

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ ይሁን። የምንኖረው አዳማ አሮጌው ባቡር ጣቢያ አካባቢ ነው። ቤቱን የሠራው አያቴ ነው፣ ምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። መሠረቱ ድንጋይ ግድግዳው ጭቃ ነው፣ ፊት ለፊት የጣውላ በረንዳ አለው፣ የበረንዳው ክፈፍ ደሞ ዙሪያውን እንደ ዳንቴል የተፈለፈለ እንጨት ነው። እናቴ ካረፈች በኋላ ለአራታችን በውርስ ደረሰን። ታላቅ ወንድሜ ሆቴል ሊሠራበት የሚፈልግ ሰው ስላገኘ እንሽጠው ይላል። አሜሪካ አሌክሳንድሪያ የሚኖረው ታናሼ ደሞ እዚህ ቢሆን እንኳን ማፍረስ መስኮት ለመቀየርም ቦርድ አስፈቅደህ ነው፣ ቅርስ ነው እንዳትነኩት ይላል። እኔ መሃል ላይ ቀረሁ። ቤታችን ቅርስ ነው ወይ? ቅርስ ነው ብሎ የሚወስነውስ ማነው? ከተባለ በኋላ በገዛ ቤታችን ማዘዝ ልናቆም ነው?
ኤ.መ.

መልስ፦ እህቴ መጀመሪያ እናትሽን ነፍስ ይማር።

ቤትሽ ቅርስ ሊሆን ይችላል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ የሚባለው፣ ቁጥሩ 209/1992 ነው፣ ቅርስን ሲተረጉም የሰው ልጅ የፈጠራና የሥራ ውጤት ሆኖ በሳይንስ በታሪክ በባህል በኪነ ጥበብ ወይ በእደ ጥበብ ይዘቱ ትልቅ ዋጋ ያለው ነገር ነው የሚለው። ቤተ መንግሥት መሆን አለበት አይልም፣ መኳንንት የኖሩበት ይሁን አይልም። የባቡር ሠራተኛ ቤትም ይገባበታል፣ እንደውም ለአዳማ ከዚህ የበለጠ ቅርስ ከየት ይመጣል፣ ከተማችንኮ ባቡር ያሳደጋት ናት። አፄ ምኒልክ በ1886 ፈቃዱን ሰጥተው ሀዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ በ1895 ድሬዳዋ ደረሰ፣ ከዛ አዋሽን ተሻግሮ በኛ በኩል አልፎ በ1909 አዲስ አበባ ገባ፣ ባቡሩ በቆመበት ሁሉ መጀመሪያ የሠራተኛ ቤት ቀጥሎ መጋዘን ቀጥሎ ሻይ ቤት እያለ ከተማ በቀለ። አሁን አዲሱ ባቡር ከመሃል ከተማ ወጣ ብሎ ነው የሚያልፈው፣ የድሮው ሀዲድ ደሞ ዝም ብሏል፣ ያንን ዘመን በዓይን የሚያሳየን እንግዲህ እንዳንቺ አያት ያሉ ሰዎች የሠሩት ቤት ነው።

ግን እዚህ ጋ ቆም በይልኝ። ዋጋ ያለው መሆንና የተመዘገበ መሆን ሁለት የተለያየ ነገር ነው። ሰፈሩ በሙሉ የሚያውቀው፣ አላፊ አግዳሚው ፎቶ የሚነሳበት ቤት መዝገብ ላይ ከሌለ፣ ዶዘር ይዞ ለመጣ ሰው ቤት ብቻ ነው። ይሄን የምልሽ ከራሴ ቤተሰብ አይቼ ነው። የአክስቴ ቤት በረንዳ ላይ ባቡር የሚጠብቁ ሰዎች ቁጭ ይሉ ነበር፣ አክስቴ ውሃ ታቀርብላቸው ነበር፣ ሰፈሩ ሁሉ "የባቡር ጠባቂዎች ቤት" ነበር የሚለው። በአንድ ቀን ነው የወረደው። ጠዋት ጣሪያው ተገፈፈ፣ ከሰዓት ግድግዳው ተገፋ፣ ማታ ላይ የተረፈው የበረንዳው ደረጃ ብቻ ነበር፣ ሦስት እርከን ድንጋይ፣ መሃሉ በእግር ብዛት የጎደጎደ። ቅርስ ነበርኮ ብለን ስንጮህ የት ተመዝግቧል ተባልን። አንድ ፎቶ እንኳን አልነበረንም። ያፈረሰውን ሰው አልወቅስም፣ ሕጋዊ ወረቀት ይዞ ነው የመጣው። ወረቀት ያልነበረን እኛ ነን።

ስለዚ የሚወስነው ማነው ላልሽው፣ በአገር ደረጃ የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን አለ፣ ከዛ ደሞ በአዋጅ 839/2006 ቅርሶች የአገር አቀፍና የክልል ተብለው ተለይተው ይመደባሉ። አንድ የአዳማ መኖሪያ ቤት በቀጥታ አገር አቀፍ ይባላል ብለሽ አትጠብቂ፣ መንገድሽ ከከተማው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ጀምሮ ወደ ክልል ነው። ማመልከቻ ትጽፊያለሽ፣ የሥራ ቋንቋው አፋን ኦሮሞ ስለሆነ በሱ አድርጊው። ከማመልከቻው ጋር የይዞታ ማረጋገጫውን ኮፒ፣ የቤቱን ፎቶ ከአራቱም አቅጣጫ፣ የክፈፉን ቅርጽ ቀረብ ብሎ የተነሳ፣ ማን በስንት ዓመተ ምህረት እንደሠራው የሚያውቁ ሁለት ሦስት ሽማግሌዎች የፈረሙበት ወረቀት አያይዢ። ስታስገቢ ገቢ ተደርጎ ማኅተም የተመታበት ኮፒ በእጅሽ ይቅር፣ ያንን ሳትይዢ ከቢሮው እንዳትወጪ። ባለሙያ መጥቶ ይይ ብለሽ በጽሑፍ ጠይቂ። አንዴ ሄደሽ ዝም ካሉሽ በሳምንቱ ተመለሺ።

በገዛ ቤታችን ማዘዝ ልናቆም ነው ላልሽው፣ አይደለም። ሕጉ ቅርስ በግለሰብ እጅ ሊሆን እንደሚችል ይቀበላል፣ ባለቤትነታችሁ አይነጠቅም። የሚመጣባችሁ ግዴታ ነው። ቤቱን በራሳችሁ ወጪ ትጠብቃላችሁ፣ ለማደስ ስትነሱ አስቀድማችሁ ታስፈቅዳላችሁ፣ ከቦታው ለማንሳት የጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ለሌላ ሰው ስታስተላልፉም ቀድማችሁ ታሳውቃላችሁ። ወጪው ከባለቤቱ አቅም በላይ ከሆነ መንግሥት ከፊሉን ሊሸፍን ይችላል ይላል ሕጉ፣ "ሊሸፍን ይችላል" ነው የሚለው፣ ይሸፍናል አይልም፣ በዚህ ተስፋ በጀት እንዳትይዙ። ሆን ብሎ ቅርስ ማበላሸት ደሞ በከባድ እስራት ያስቀጣል።

ታናሽሽ የነገረሽ እውነት ነው። አሌክሳንድሪያ አሮጌውን ሰፈር በከተማ ሕግ የከለለችው በፈረንጆቹ 1946 ነው፣ አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ካደረጉት ከተሞች ሦስተኛዋ ናት፣ የመጀመሪያዋ ቻርለስተን የምትባል የደቡብ ከተማ ነበረች፣ 1931 ላይ። ፈቃድ የሚሰጠው ቦርድ የሚያየው ከመንገድ የሚታየውን ነው፣ መስኮቱን በሩን ጣሪያውን የአጥሩን ፊት። ውስጥ ገብቶ ኩሽናህን እንዲህ አርገው አይልም። ኒው ዮርክ ደሞ ትምህርቱን በመራራ ነው የወሰደችው፣ ፔን ስቴሽን የሚባል ግዙፍ የባቡር ጣቢያ ነበራት፣ ሊፈርስ ነው ሲባል ሰዎች ሰልፍ ወጡ፣ ጮኹ፣ የሚያቆም ሕግ ግን አልነበረም፣ 1963 ላይ ማፍረስ ጀመሩ። ከሁለት ዓመት በኋላ 1965 ላይ የቅርስ ቤቶች ኮሚሽን አቋቋሙ። ይሄ ኮሚሽን 11 አባላት አሉት፣ በሕግ የግድ ከመካከላቸው ቢያንስ ሦስት አርክቴክቶች፣ የታሪክ ባለሙያ፣ የከተማ ፕላን ወይ የመልክዓ ምድር ንድፍ ባለሙያ፣ በቤትና ቦታ ንግድ ውስጥ ያለ ሰው፣ ደሞ ከአምስቱም የከተማዋ ክፍሎች ነዋሪ መኖር አለበት። ሠላሳ ዓመት የሞላው ሕንፃ ሁሉ ለመታየት ይበቃል። ስብሰባው ክፍት ነው፣ ባለቤቱም ጎረቤቱም ይናገራል። የሌላ ትልቅ ባቡር ጣቢያ ባለቤቶች ንብረታችንን እንዳናለማ ከለከላችሁን ብለው ከሰው እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሰው ነበር፣ 1978 ላይ ከተማዋ አሸነፈች።

እኔ የሚያስቀናኝ ሕጉ አይደለም፣ ሕግ እኛም አለን። የሚያስቀናኝ ያ ጠረጴዛ ነው። ባለቤቱ ልሽጥ ብሎ፣ ጎረቤቱ አይፍረስ ብሎ፣ ነጋዴው ይሄ ቤት ያዋጣል አያዋጣም ብሎ፣ ሁሉም ሰው ፊት ለፊት የሚነጋገርበትና ውሳኔው ከነምክንያቱ የሚጻፍበት ቦታ። አዳማ እንደዛ ያለ ቋሚ ጉባኤ ቢኖራት፣ ግንበኛም አናጢም ሽማግሌም የተቀመጡበት፣ አንቺና ወንድሞችሽ ሳሎን ውስጥ ስትጣሉ አትከርሙም ነበር። ይሄን ለከተማው አስተዳደር በዚህ አጋጣሚ በግልጽ እጠይቃለሁ።

ታላቅ ወንድምሽን ደሞ እንደ ጠላት አትዩት። አራት ወራሽ አለ፣ ኑሮ ተወዷል፣ አሮጌ ቤት ገንዘብ ይበላል። ግን አንድ ነገር አስቡበት፣ የሚሸጠውና የሚቀመጠው የግድ ሁለት የተለያየ መንገድ አይደለም። ግቢው ጥልቀት ካለው አዲሱን ሕንፃ ከኋላ ሠርቶ የፊቱን ቤት ከነበረንዳው ማቆየት ይቻላል፣ አሜሪካኖቹ ቦርዶችም ብዙ ጊዜ የሚፈቅዱት እንዲህ ያለውን ነው። ሆቴል የሚፈልገው ሰው አዲስ አበባ እቴጌ ጣይቱ ሆቴልን ያስብ፣ በጥር 2007 ተቃጥሎ እንኳን ታድሶ ወደ ሥራው ተመለሰ፣ ሰው የሚሄደው ጣውላው እግሩ ስር ሲንቋቋ ለመስማት ነው። ለገዢው ይሄን ሐሳብ አቅርቡለት፣ እሺ ካላለ እንኳን ምዝገባው እስኪጣራ ውል እንዳትፈራረሙ።

ጥያቄ፦ የቀበሌ ቤት ተከራይ ነኝ፣ ቤቱ ከአባቴ ጀምሮ ነው የኖርንበት፣ ፍራንኮ አካባቢ ነው። ግድግዳው ከታች በኩል እየተቦረሸ ነው፣ በዛ ላይ ያን ጊዜ መሬቱ ሲንቀጠቀጥ ተሰንጥቋል። ግንበኛ ጠርቼ በሲሚንቶ ልለስነው አለኝ። ጎረቤቴ ደሞ የመንግሥት ቤት ነው ምን አገባሽ ትለኛለች። ምን ይሻለኛል?
ወ/ሮ ት.

መልስ፦ ወይዘሮ ት. ጎረቤትዎ አንድ ነገር ላይ ልክ ናቸው፣ ቤቱ የመንግሥት ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 የወጣው አዋጅ 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ሁሉ የመንግሥት ሲያደርግ አነስተኛ ኪራይ የሚከፈልባቸው ቤቶች ቀበሌ እጅ ገቡ፣ የድሮዎቹ የአዳማ ቤቶች ብዙዎቹ የዛ ዘመን ልጆች ናቸው። ስለዚህ ከመንካትዎ በፊት ለሚያስተዳድረው ጽሕፈት ቤት የእድሳት ፈቃድ በጽሑፍ ይጠይቁ፣ ፎቶ ያያይዙ፣ ማኅተም ያለው ኮፒ ይያዙ። አለበለዚያ ነገ የራስዎ ገንዘብ የወጣበት ነገር ጥፋት ሆኖ ሊቆጠርብዎት ይችላል። ምን አገባሽ የሚለውን ግን አይስሙ። አባትዎ የኖሩበት ቤት ያገባዎታል።

አሁን ወደ ግድግዳው። እባክዎን ሲሚንቶ እንዳያስለስኑ። ይሄን የምለው ለውበት ብዬ አይደለም። ጭቃ ቤት ይተነፍሳል፣ ከመሬት የሚወጣው እርጥበት በግድግዳው ወጥቶ ይደርቃል። ሲሚንቶ ላዩ ላይ ሲደረግበት መውጫ ያጣል፣ ውሃው ውስጥ ይቀራል፣ ጭቃው ይላሽቃል፣ ማገርና ቋሚው ይበሰብሳል፣ ምስጥ ደሞ እርጥብ እንጨት ይወዳል። ከውጭ ሲያዩት ለሁለት ሦስት ዓመት ያምራል፣ ከዛ አንድ ክረምት ላይ ልስኑ እንደ ቅርፊት ተገንጥሎ ይወድቃል፣ ከጀርባው ያለው ቋሚ በጣት ሲነካ እንደ ዱቄት ይሆናል። እኔ በእጄ ነክቼ አይቻለሁ።

የሚያዋጣው የድሮው መንገድ ነው። የተቦረሸውን ክፍል እስከ ጠንካራው ድረስ ያራግፉት። አፈሩ ጥቁር መረሬ አይሁን፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ቀይ ወይ ቡናማ አፈር ይሻላል። ከጤፍ ጭድ ጋር ውሃ ጠጥቶ በደንብ ይቡካ፣ ቢያንስ አንድ ሳምንት ይቆይ፣ በየመሃሉ በእግር ይረገጥ፣ ሽታው ሲለወጥና ጭዱ ሲልም ያኔ ደርሷል። ግድግዳውን ውሃ ረጭተው ሳሳ አድርገው ያስመርጉ፣ ያ ሲደርቅ ሁለተኛውን ይድገሙ። ከላይ ኖራ ይቀባ፣ ኖራ እርጥበቱን ያሳልፋል። እናቶቻችን የሠሩት ሥራ ነው፣ አዲስ ነገር የለውም።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ምክንያቱን ያጥፉ። ግድግዳ ከታች የሚቦረሸው ብዙ ጊዜ ከጣሪያ የሚወርደው ውሃ መሬት ነክቶ ወደ ግድግዳው ስለሚረጭ ነው። አሸንዳ ካልዎት ተደፍኖ ወይ ተጣሞ እንደሆነ ያሳዩ፣ ከሌለዎት ከግድግዳው በፊት አሸንዳ ያስገቡ፣ እግረ መንገድዎን ከግድግዳው ስር ያለውን አፈር ወደ ውጭ እንዲያዘነብል ያስጠርጉ። አንድ ቆርቆሮና አንድ አሸንዳ ስንት የድሮ ቤት እንዳተረፈ ብነግርዎ ይገርምዎታል።

ስንጥቁን በተመለከተ፣ በታኅሣሥና ጥር 2017 ከፈንታሌ በኩል የመጣው መንቀጥቀጥ እኛም ጋ ተሰምቷል፣ ብዙ ቤት ላይ መሰንጠቅ አምጥቷል። የስንጥቁ ጫፎች ላይ በእርሳስ ምልክት አድርገው ቀን ይጻፉበት፣ በየወሩ ያዩት። ካልረዘመ ልስን ብቻ ነው የተሰነጠቀው፣ በጭቃው ይሞላል። ከረዘመ ወይ ከሰፋ ወይ ደሞ ቱንቢ ሲጥሉ ግድግዳው ዘንበል ካለ፣ ቋሚው ነው የሄደው፣ ያኔ አናጢ እንጂ ለሳኝ አይጥሩ። ልጆቹንም ከዛ ግድግዳ ስር እንዳያስተኙ።

ጥያቄ፦ እኔ በግልጽ ልናገር። ስለ ድሮ ቤት የሚጽፉ ሰዎች ድሮ ቤት ውስጥ የማይኖሩ ናቸው። እኛ ለስድስት አባወራ አንድ ሽንት ቤት ነው ያለን፣ ክረምት ሲመጣ ባልዲ ደርድረን ነው የምንተኛው። ልማት ሲመጣ ለምን ትቃወማላችሁ? ድህነትን ነው ወይ ቅርስ የምትሉት?
ቢ.

መልስ፦ ወንድሜ፣ ድህነት ቅርስ አይደለም። ለስድስት ቤተሰብ አንድ ሽንት ቤት ማንም እንዲጠብቀው አልፈልግም፣ ያንን ነገ ጠዋት ቢያፈርሱት ደስ ይለኛል። ልማትንም አልቃወምም፣ መንገዱ ሲሰፋ እኔም ነኝ የምሄድበት።

ግን ሁለት ነገር አትቀላቅልብኝ። ቤቱን የጎዳው ዕድሜው አይደለም፣ ጥገና ማጣቱ ነው። ለአንድ ቤተሰብ የተሠራ ቤት በአቡጀዲ ተከፍሎ ስድስት ቤተሰብ ሲገባበት፣ ኪራዩ ቆርቆሮ እንኳን የማይቀይር ሲሆን፣ ለሃምሳ ዓመት ማንም ባለቤት ነኝ ብሎ ሚስማር ሳይመታበት ሲቀር፣ አዲስ የተሠራ ኮንዶሚኒየምም ቢሆን እንደዛ ይሆናል። ሐረር ጁገልን እየው፣ በ1998 የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል፣ ውስጡ ሰው ይኖራል፣ ልጅ ይወለዳል፣ መብራት አለ፣ ቴሌቪዥን አለ። ሰፈርን መጠበቅ ማለት ሰውን እንደ ሙዚየም ዕቃ ማስቀመጥ አይደለም፣ ሽንት ቤቱን ሠርቶ ውሃውን አስገብቶ የፊቱን መልክ ማቆየት ነው።

ደሞ አንተን የሚመለከት ሌላ ነገር አለ። ሰፈር ሲፈርስ የሚጠፋው ግድግዳ ብቻ አይደለም። ለቡና የምትጠራሩት ጎረቤት፣ እድሩ፣ ስትታመም ልጅ የሚይዝልህ ሰው፣ በዱቤ የሚሰጥህ ሱቅ፣ ሁሉም በየአቅጣጫው ይበተናል። በ2016 የአዲስ አበባ ፒያሳ ሲፈርስ ከቤቱ ይልቅ ያስለቀሳቸው ይሄ እንደነበር ከዛ የመጡ ሰዎች ነግረውኛል። እኛ አገር አዋጁ ብዙ የማይንቀሳቀሱ ቅርሶች የተሰበሰቡበትን አካባቢ የሚኒስትሮች ምክር ቤት የተከለለ ቦታ አድርጎ እንዲያውጅ ይፈቅዳል፣ ማለትም ነጠላ ቤት ብቻ ሳይሆን ሰፈርም ሊጠበቅ ይችላል። እኔ የምጠይቀው አዳማ ውስጥ ሁሉም ይቆይ ብዬ አይደለም። ከማፍረሳችን በፊት የትኛው ይቆይ የትኛው ይሂድ የሚለውን አንተም ያለህበት ሰዎች ቁጭ ብለን እንለየው ነው። ያንተ ሽንት ቤት ከሚሄዱት ውስጥ ይሁን፣ እስማማለሁ።

ጥያቄ፦ ወንጂ ነው ያደኩት። የሆላንዶቹ ዘመን ቤቶች፣ የካምፑ መንገድ፣ ዛፉ ሁሉ አሁንም ዓይኔ ላይ አለ። ይሄም ቅርስ ይባላል ወይስ የፋብሪካ ንብረት ብቻ ነው?
ዳ.

መልስ፦ ሁለቱንም ሊሆን ይችላል። ወንጂ ስኳር ፋብሪካን ኤች ቪ ኤ የሚባለው የሆላንድ ኩባንያ ከፍቶ በ1946 ሥራ ሲጀምር ለኢትዮጵያ የመጀመሪያው ዘመናዊ የስኳር ፋብሪካ ነበር፣ ከፋብሪካው ጋር ካምፕ፣ ክሊኒክ፣ ትምህርት ቤት ተሠራ፣ የአገዳ ቆራጩም የኃላፊውም ቤት በየደረጃው ተለይቶ። የድሮው ፋብሪካ ሥራ ማቆሙን ታውቃለህ። የሥራ ታሪክ ያለበት ቦታ በሌላ ዓለም በሙሉ በቅርስነት ይጠበቃል፣ እኛ ጋ ግን ገና ዓይናችን ቤተ ክርስቲያን መስጊድና ቤተ መንግሥት ላይ ነው። አብረውህ ካደጉት ልጆች ጋር ተሰባሰቡ፣ የትኛው ቤት የምን እንደነበር በእጅ ካርታ ሳሉ፣ የቆራጮቹንም መንደር ጨምሩበት፣ እሱን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ከዛ ስኳር ፋብሪካውን ራሱን በደብዳቤ ጠይቁ፣ ባለቤቱ እሱ ስለሆነ መዝገቡም እሱ ጋ ነው የሚጀምረው።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ ሰማንያን አልፏል። ቤት የለኝም፣ የነበረኝም ፈርሷል። ያለኝ አንድ ካርቶን ፎቶ ነው፣ ጣቢያው፣ ጋሪው፣ የጓደኞቼ ቤቶች፣ ብዙው አሁን የለም። ልጆቼ ውጭ ናቸው። እኔ ካለፍኩ ማን ይፈልገዋል ብዬ ላቃጥለው ነበር፣ የናንተን ማስታወቂያ አይቼ ተውኩት።
የቀድሞ የምድር ባቡር ሠራተኛ

መልስ፦ ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ስላላቃጠሉት። ደብዳቤዎን ሳነብ እንባዬ መጣ፣ የአክስቴ ቤት እርስዎ ካርቶን ውስጥ ሊኖር ይችላልኮ።

አንድ ቤት ከፈረሰ በኋላም ፎቶው ሥራ አለው። ጎኑ ያለው ቤት እንዲመዘገብ ሲጠየቅ በፊት ምን ይመስል እንደነበር ማስረጃው እሱ ነው፣ በረንዳው ሲታደስ አናጢው ክፈፉን የሚቀርጸው ከሱ አይቶ ነው። ከላይ የጻፈችው እህታችን ቤትም ምናልባት እርስዎ ጋ አለ።

እንዲህ ያድርጉልኝ። ካርቶኑን ከመሬት አንስተው ከፍ ያለ ደረቅ ቦታ ያስቀምጡት፣ ከመስኮት ያርቁት። ፎቶዎቹን በላስቲክ አይጠቅልሉ፣ በወረቀት ይሻላል። የተጣበቁ ካሉ አያላቅቁ። ከጎረቤት ስልክ የያዘ ልጅ ይጥሩና ቀን ቀን በረንዳ ላይ፣ ፀሐይ ሳይመታው፣ ፊቱንም ጀርባውንም እያንዳንዱን ያንሳልዎት። ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ እንዳይነኩት። "ናዝሬት" ብሎ የተጻፈውን "አዳማ" ብለው እንዳያስተካክሉ፣ ያ ጽሑፍ ራሱ ፎቶው የየትኛው ዘመን እንደሆነ ይነግረናል።

ከዛ እያንዳንዱን እያዩ ለልጁ ይንገሩት፣ ማን ነው፣ የማን ቤት ነው፣ የት ጋ ነበር፣ አሁን ምን አለበት። እሱ ስልኩ ላይ ድምፅዎን ይቅዳ። እርስዎ ደሞ ጀርባው ባዶ የሆነው ላይ ብቻ ጠርዙ ጋ ስም ይጻፉ፣ ሳይጫኑ፣ በእርሳስ ይሁን። እስክሪብቶ ቀለሙ በጊዜ ብዛት ወደ ፊት ያልፋል። በሚቀጥለው ሳምንት እኔ ራሴ እመጣለሁ፣ እርሳስ ይዤልዎት።